ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ ስለ ላላ የመኪና በር እጀታ

አባቶቻችን «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ብለው ይተርታሉ። ጋኑ ትልቅ ነው፤ ጠጠሩ ግን ሰው ሁሉ ረግጦት የሚያልፈው ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ጠጠሩ ከሥሩ የተነሣ እንደ ሆነ ጋኑ ይንገዳገዳል፤ በውስጡ ያለውም ይፈስሳል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ነገር እንደዚያ ጠጠር ያለ ነው፤ ይኸውም በአሮጌ መኪና በር ውስጥ በኩል ያለው እጀታና እጀታውን የሚይዘው ብሎን ነው። ምናልባት አንባቢው «ከበር እጀታ ምን ቁም ነገር ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እስከ ፍጻሜው ታግሦ ያነበበ ሰው ግን ለዚህ ጥያቄ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

፩፤ ስለ አራዳና ስለ መኪና

መኪና ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፤ በረሃውንና ተራራውን አሳልፎ፤ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አመጣት። በዚያን ዘመን የከተማይቱ ትልቅ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በአራዳ ነበር፤ በቅሎና አህያም የዕቃው ሁሉ ተሸካሚዎች ነበሩ። ኋላም ጣልያኖች ከተማይቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዙበት ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስደው ዛሬ መርካቶ በምንለው ስፍራ አደረጉት፤ የአራዳንም መካከል በቋንቋቸው ፒያሳ አሉት፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። እነርሱ ሄዱ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ስሙ ብቻ አይደለም። መኪና የሚጠግን ሰው ሥራውን ሲጀምር ካቻቢቴ አምጣ፤ ፒንሳ አቀብለኝ፤ ዳዶውን ፍታ፤ ሮንዴላ ጨምርበት፤ ሞላውን ተመልከት ይላል። ጎማና ፍሬንም እንደዚሁ ናቸው። እነዚህ ቃላት ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። እንግዲህ ስፍራውም መሣሪያውም ስማቸውን ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል፤ የኛ ሠራተኞች ግን ቃሉን ከጥበቡ ጋር የራሳቸው አደረጉት።

ከዚያ በኋላ በፒያሳ ጐዳናዎች ብዙ ዓይነት መኪና ተመላለሰ። ፊያትና ቮልስዋገን መጡ፤ ኋላም ላዳ መጣ። ላዳ በሩሲያ ምድር በቶሊያቲ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ የተሠራ፤ መልኩም ከጣልያኑ ፊያት 124 የተወሰደ መኪና ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች ለብዙ ዓመታት የከተማይቱ መለያ ሆነው ኖሩ። ፋብሪካው ያንን ዓይነት መኪና መሥራት ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስለዚህ አዲስ እጀታ በቀላሉ አይገኝም፤ የሚሻው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተጣለ መኪና አስፈትቶ ይወስዳል።

በአገራችንም አሮጌ መኪና እንደ ዋዛ የሚለወጥ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ በውስጣቸው የነበሩትም ሱቆች ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። እንግዲህ በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና ለእንጀራው የሚያሠራ ሰው፤ ያለችውን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የሚጠበቀውም ሞተሩ ብቻ አይደለም።

፪፤ እጀታ ስለ ምን ይላላል?

የላላ ነገር ከመውደቁ አስቀድሞ ይናገራል። እጀታውም በመጀመሪያ ይንቀጫቀጫል፤ ቀጥሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በመጨረሻም በያዘው ሰው እጅ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን ድምፁን የሰማ ሹፌር የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው። በመጨረሻው ቀን ግን እጀታ ፍለጋ መንከራተት፤ የበሩን ልባስ ማስፈታት፤ የሥራ ቀንንም መክሰር ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

የመላላቱም ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው መንቀጥቀጥ ነው። ብሎን የሚይዘው ተወጥሮ ስለ ተቀመጠ ነው። መኪናው በድንጋይና በጉድጓድ ላይ በሄደ ቊጥር ብሎኑ በጣም ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ ይዞራል። ዛሬ የዞረው አይታይም፤ የአንድ ዓመቱ ግን ይታያል።

ሁለተኛው የብረቶቹ አለመተካከል ነው። የመስታወት ማውረጃው የሚገባበት ዘንግ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው፤ በዙሪያውም ደቃቅ ጥርሶች አሉት። ማውረጃው ግን ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ብረት ወይም ከፕላስቲክ ነው። ማውረጃው ላልቶ ሳለ የሚያዞረው ሰው ቢኖር ጠንካራው ለስላሳውን ይበላዋል፤ የማውረጃው ጥርስም ያልቃል። ከዚህ በኋላ ብሎኑን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ማውረጃው በባዶ ይዞራል እንጂ መስታወቱን አያወርድም። በመላላትና በመበላሸት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ የላላው ይጠብቃል፤ የተበላው ግን ይለወጣል እንጂ አይመለስም።

ሦስተኛው ያለ አገባብ መያዝ ነው። የበሩ መጐተቻ ሳለ በሩን በመስታወት ማውረጃው ወይም በመክፈቻው እጀታ ጐትተው የሚዘጉ ብዙዎች ናቸው። እጀታው ለጣት ጕልበት እንጂ ለበር ክብደት አልተሠራም። ደግሞም የክንድ ማሳረፊያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው የሚነሡ አሉ፤ የሚይዙት ግን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ብቻ ናቸው።

አራተኛውና ከሁሉ ተሰውሮ የሚኖረው ምክንያት ውኃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፤ ክረምቷም ብርቱ የሆነ ከተማ ናት። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ወርዶ፤ በመስታወቱና በበሩ ጠርዝ መካከል አልፎ፤ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ይህ መኪናውን በሠሩት ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ውኃው የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በበሩ ግርጌ አበጁ፤ ከልባሱ በስተኋላም ውኃው እንዳያረጥበው ቀጭን ላስቲክ ጋረዱበት። ልባሱ በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ከተጨመቀ ካርቶን የተሠራ ነውና። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ሌላ ነገር ሊጠግን በሩን ይከፍታል፤ ላስቲኩን ይቀድደዋል፤ «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎም ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ክረምት ካርቶኑ ይርሳል፤ ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹም ይሰፋሉ፤ መቆንጠጫዎቹና ብሎኖቹ የሚይዙት ያጣሉ። ባለ መኪናው «ብሎኑ ላላ» ይላል። የላላው ግን ብሎኑ ሳይሆን ብሎኑ የቆመበት ነገር ነው።

፫፤ እጀታ እንዴት ይጠገናል?

በመጀመሪያ እጀታው በምን እንደ ተያዘ ሳታውቅ አትጐትተው። ሳያውቅ የሚጐትት ሰው ያልተሰበረውን ይሰብራል። በከተማችን በሚታወቁት አሮጌ መኪናዎች የማውረጃው አያያዝ ልዩ ልዩ ነው። በቀደሙት ቮልስዋገኖች በእጀታውና በዘንጉ ውስጥ አቋርጦ የሚገባ ትንሽ የብረት ሚስማር አለ፤ እርሱም በቀጭን መምቻ ተመትቶ ይወጣል። በኋለኞቹ ቮልስዋገኖች ግን በመካከሉ ብሎን አለ። በላዳ ከማውረጃው ሥር የተሰካ መያዣ ይገኛል፤ ይህም በቀጭን ካቻቢቴ ተገፍቶ ይወጣል። በአሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ደግሞ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ትንሽ የሞላ መቆንጠጫ ከማውረጃው በስተኋላ ተሰውሮ ይኖራል።

ይህን የኋለኛውን ለማውጣት ልዩ መሣሪያ የሌለው ሰው ረጅም የጨርቅ ቅዳጅ ይበቃዋል። ጨርቁን በማውረጃውና በልባሱ መካከል አግብቶ፤ ሁለቱን ጫፍ ይዞ፤ ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወዲያና ወዲህ ይስበዋል። ጨርቁም የመቆንጠጫውን ጫፍ ያገኝና ያወጣዋል። ነገር ግን መቆንጠጫው ሞላ ስለ ሆነ ተስፈንጥሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በላዩ ሌላ ጨርቅ መጋረድ፤ ዓይንንም መጠበቅ ይገባል። በሚመለስበት ጊዜ መቆንጠጫውን አስቀድሞ በማውረጃው ላይ ማስገባት፤ ከዚያም ማውረጃውን በዘንጉ ላይ አድርጎ «ቀጭ» እስኪል ድረስ በመዳፍ መግፋት ነው።

ማውረጃውንም ከመፍታት አስቀድሞ መስታወቱን እስከ ላይ ዝጋና እጀታው ወዴት እንደሚያመለክት ልብ በል። በሌላው አቅጣጫ የገባ ማውረጃ የተሳፋሪውን ጕልበት ይመታል።

ቀጥሎ ልባሱን ማንሣት ያስፈልግ እንደ ሆነ ከማዕዘኑ ይዘህ አትሳበው፤ ካርቶኑ ይሰበራል። ሰፊ አፍ ያለውን መሣሪያ በእያንዳንዱ መቆንጠጫ አጠገብ እያስገባህ አንድ በአንድ አላቅቀው። ላስቲኩንም ሳትቀድድ ቀስ ብለህ ግለጠው። በዚያን ጊዜ የበሩ ሆድ ይታያል። ከመክፈቻው እጀታ ተነሥቶ ወደ በሩ መቆለፊያ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ በጫፉም ትንሽ ማያያዣ አለ። ማያያዣው የወደቀ እንደ ሆነ እጀታው ይንቀሳቀሳል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ይህን ሳታይ አትዝጋ። በግርጌው ያሉትን ቀዳዳዎች ከአፈርና ከቅጠል አጽዳ፤ የሚንቀሳቀሰውንም ጥቂት ግሪስ ቀባ።

ስለ ብሎኑ ሦስት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛ፤ ከብሎኑ ሥር ባለ ሞላ ሮንዴላ ቢደረግ ወይም በብሎኑ ጥርስ ላይ እንዳይላላ የሚያደርገው ፈሳሽ ቢነካ መንቀጥቀጥን ይቋቋማል። ሁለተኛ፤ ከመጠን በላይ አታጥብቀው፤ የበሩ ላሜራ ቀጭን ነውና ቀዳዳው ይበላል። የተበላም እንደ ሆነ በላሜራው ላይ የሚሰካ ቀጭን የብረት ዳዶ አለ፤ እርሱን ማግባት ይሻላል። ሦስተኛ፤ የላላውን ቀዳዳ ለመሙላት ብለህ ከፊተኛው የረዘመ ብሎን አታግባ። ከላሜራው በስተኋላ መስታወቱ ይወርዳል፤ የመቆለፊያውም ዘንግ ያልፋል። ረጅሙ ብሎን ዛሬ እጀታውን ያጠብቃል፤ ነገ ግን መስታወቱን ይሰነጥቃል፤ ወይም ዘንጉን ይይዛል።

በመጨረሻም በሩን ከመዝጋትህ አስቀድሞ ፈትን። በሩ ተከፍቶ ሳለ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ጫፍ ገፍተህ ዝጋው፤ ከዚያም የውስጡን እጀታ ሳብ። መቆለፊያው ቢለቅ ሥራህ መልካም ነው። ባይለቅ ግን በሩ ክፍት ስለ ሆነ ስሕተቱን ታርመዋለህ። ሳይፈትን በሩን የዘጋ ሰው የተዘጋ በር ይዞ ይጨነቃል።

፬፤ ስለማይታይ ሥራ

አሁን ሁለት ሠራተኞችን በአሳባችን እንመልከት። ለሁለቱም የመክፈቻ እጀታው የላላ አንድ ዓይነት መኪና መጣላቸው። የመጀመሪያው ወረቀት አጥፎ በቀዳዳው ጠቀጠቀ፤ ረጅም ብሎን አገባ፤ በጨርቅ ወለወለ፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። ሁለተኛው ልባሱን ፈታ፤ ላስቲኩ ተቀድዶ አገኘና ሌላ ላስቲክ ቈርጦ ለጠፈበት፤ የውኃውን መውጫ ከፈተ፤ የዘንጉንም ማያያዣ ለወጠ። ዋጋው ከፍ አለ፤ ግማሽ ቀንም ፈጀ። ያን ቀን ሁለቱን በሮች ጐን ለጐን ያየ ሰው ሊለያቸው አይችልም። ምናልባትም ባለ መኪናው የመጀመሪያውን አመስግኖ በሁለተኛው ላይ ያጕረመርም ይሆናል።

ነገር ግን በር ግድግዳ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ይደገፍበታል። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጐዳና ቁልቁለት ነው። በዚያ በምትወርድ ታክሲ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር በኋላ ወንበር ተቀምጠዋል እንበል። ልጁ በሩን ተደግፎ በመስታወቱ ውጭ ውጭውን ያያል። እኒህ እናት የበሩ ማያያዣ ደኅና ይሁን ወይም ይውደቅ ሊያውቁ አይችሉም፤ እምነታቸውን በሹፌሩ ላይ ጣሉ። ሹፌሩም የበሩን ሆድ አላየም፤ እምነቱን በሠራተኛው ላይ ጣለ። አደጋ ደርሶ መኪናይቱ ብትገለበጥ ወይም እሳት ቢነሣ የውስጡ እጀታ በሩን መክፈት ይገባዋል፤ በአንድ ጊዜ ይከፍታል፤ አለዚያም አይከፍትም። በዚያን ጊዜ በወረቀትና በማያያዣ መካከል ያለው ልዩነት ይታወቃል። ሠራተኛው ግን በስፍራው የለም፤ ስሙንም የሚጠራው የለም።

በአንዳንድ አሮጌ ታክሲ የመስታወት ማውረጃዎቹ አልቀው አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ሹፌሩም እርሱን ከፊቱ አኑሮ፤ ሙቀት የበዛበት ተሳፋሪ ሲለምነው ያቀብለዋል። ይህ ሰውን ያስቃል፤ ጕዳቱም ጥቂት ነው። የመክፈቻው እጀታ ግን እንዲህ የሚቀባበሉት ዕቃ አይደለም። ተሳፋሪው «እባክህ ከውጭ ክፈትልኝ» ብሎ የሚወርድበትን ታክሲ ሰው ሁሉ ለምዶት ይሆናል፤ መልመድ ግን ጕድለትን ደኅና አያደርገውም። ሹፌሩ ራሱ በተጐዳ ጊዜ ከውጭ የሚከፍት ማን ነው?

በዚህ ነገር በድኃው ሹፌር ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ብዙ ሹፌሮች የሚነዱት የሌላ ሰው መኪና ነው፤ በየቀኑም ለባለቤቱ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባሉ። ግማሽ ቀን በጋራዥ መቆም የቤታቸውን እንጀራ ይነካል። ስለዚህ ለጊዜው በሽቦ ማሰር ወይም ወረቀት መጠቅጠቅ ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ የጊዜውን ጥገና የዘላለም ነው ማለት ነው። ደግ ሠራተኛ «ይህን ለዛሬ አድርጌዋለሁ፤ ማያያዣው ግን መለወጥ አለበት፤ እስኪለወጥም በዚህ በር በኩል ሰው አታስቀምጥ» ብሎ ይናገራል። ይህን ለማለት ገንዘብ አያስፈልግም፤ እውነት ብቻ ይበቃል። ባለ መኪናውም ለግማሽ ቀን ገቢ ሲል ሹፌሩን የሚያስጨንቅ ከሆነ ጥፋቱ ከእርሱ ዘንድ እንደሚጀምር ይወቅ።

፭፤ ምክር

ተማሪ ሆይ፤ ምናልባት አንተ መኪና የምትጠግን አትሆንም። ነገር ግን የምትሠራው ሥራ ሁሉ ልባስና ሆድ አለው። ልብስ ሰፊ የገበሩን ስፌት፤ ግንበኛ ከምርጉ በታች ያለውን ድንጋይ፤ ጸሐፊ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ቍጥር ሰው አያይበትም። በሚታየው ብቻ የሚተጋ ሰው ለዓይን ይሠራል፤ በማይታየውም የሚተጋ ለሰው ይሠራል።

ስለዚህ ሦስቱን ነገር ያዝ። ትንሹ ድምፅ በተሰማህ ጊዜ ትልቁን ጩኸት አትጠብቅ። የላላውን ከማጥበቅህ አስቀድሞ ያላላውን ምክንያት ፈልግ። ሥራህንም ሳትፈትን በሩን አትዝጋ።

ጥያቄዎች

1. የላላና የተበላ ማውረጃ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2. ከበሩ ልባስ በስተኋላ ያለው ላስቲክ ምን ይጠቅማል? ቢጣልስ ምን ይደርሳል?

3. የላላውን ቀዳዳ በረጅም ብሎን መሙላት ስለ ምን ክፉ ሆነ?

4. የጊዜውን ጥገና ያደረገ ሠራተኛ ለባለ መኪናው ምን ሊነግረው ይገባል?

5. በቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ ድምፁን የሚያሰማ የላላ ነገር ምን አለ? ያላላውስ ምንድን ነው?